የወፍ በሽታ፣ ጠበሉና ቀዶ ሐኪሙ



አማርኛችን ስለ ሆድ ዕቃ ብዙ ይናገራል። የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ የደነገጠ «ሐሞቴ ፈሰሰ» ይላል፤ ቆራጡን «ሐሞተ ኮስታራ»፣ ወኔ የከዳውን «ሐሞተ ቢስ» እንለዋለን። ይሁን እንጂ በየቀኑ ስማቸውን የምንጠራቸው እነዚህ ብልቶች የት እንዳሉና ምን እንደሚሠሩ ብንጠየቅ አብዛኞቻችን መልስ የለንም። ቆሽትን ከጣፊያ የሚያደባልቀው ሰው ጥቂት አይደለም። በዚህ እትም ስለ ጉበት፣ ስለ ሐሞትና ስለ ቆሽት ልንጽፍ የተነሣነው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ወደ ጠበል ቦታችን ከሚመጡት ሕሙማን መካከል ዐይናቸው ቢጫ የሆነ አይጠፉም፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የሚያስፈልጋቸው ሐኪም ሊቀድሙት የሚገባቸው ጊዜ አጭር ነው። ይህን ጊዜ የሚያሳልፉት ደግሞ እኛ ዘንድ ነው።

ዐይኑ የቢጫውን ሁሉ ሕዝባችን በአንድ ስም «የወፍ በሽታ» ይለዋል። የሌሊት ወፍ በላዩ ስትበርር፣ ወይም ሽንቷ ሲነካው የሚይዘው ነው የሚሉ አሉ፤ ትረካው እንደየአገሩ ይለያያል። መድኃኒቱም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ቅጠል ጨምቆ ያጠጣል፣ ሌላው በአፍንጫ ያንጠባጥባል፣ ሌላው ክንድን በጋለ ብረት ይተኩሳል። ከተተኮሱት ብዙዎቹ ይድናሉ። ይህን መካድ አይገባም፤ ምክንያቱን መመርመር ግን ይገባል። በአገራችን ዐይንን ከሚያቢጩት ሕመሞች መካከል በውኃና በምግብ የሚተላለፉት የጉበት ቫይረሶች ይገኙበታል፤ እነርሱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴትንና አስቀድሞ ጉበቱ የተጎዳውን ሰው ካልሆነ በቀር፣ ብዙውን ሕመምተኛ ያለ ምንም መድኃኒት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቁታል። ስለዚህ ቅጠል የጠጣውም፣ የተተኮሰውም፣ ምንም ያላደረገውም ይድናል። የዳነውም ወደ መንደሩ ተመልሶ ለተኳሹ ምስክር ይሆናል። ያልዳነው ግን የሚመሰክርበት አንደበት የለውም።

ቢጫው ቀለም ከወዴት ይመጣል? በደማችን ውስጥ ያለው ቀይ ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ነው። ሲያረጅ ይፈርሳል፤ ከፍርስራሹም ቢጫ ቀለም ይወጣል። ጉበት ይህን ቀለም ከደም ለቅሞ ከሐሞት ጋር ቀላቅሎ ወደ አንጀት ይልከዋል። የአዋቂ ሰው ጉበት ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ሲሆን በቀን እስከ አንድ ሊትር የሚጠጋ ሐሞት ያመነጫል። ከጉበት የሚወርደው የሐሞት ቧንቧ በመንገዱ ላይ ከሐሞት ከረጢት ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም በቆሽት ራስ ውስጥ አልፎ፣ ከቆሽት ቧንቧ ጋር በአንድ በር ወደ አንጀት ይፈስሳል። እንግዲህ ዐይን የሚቢጨው ይህ ጉዞ በሦስት ቦታ ሲበላሽ ነው። ወባን በመሰለ በሽታ ደም ከልክ በላይ ሲፈርስ አንድ ነው፤ ጉበቱ ራሱ በቫይረስ፣ በአረቄ ወይም በመርዛማ ቅጠል ሲታመም ሁለተኛው ነው፤ ጉበቱ ሥራውን እየሠራ የሐሞት ቧንቧው ሲዘጋ ደግሞ ሦስተኛው ነው። ሁለቱን የውስጥ ደዌ ሐኪም ያያቸዋል። ሦስተኛው በክኒን የሚከፈት በር አይደለም፤ የሚከፍት እጅ ይፈልጋል።

የተዘጋው ቧንቧ ምልክት አለው፤ ምልክቱንም ለማየት የሐኪም ትምህርት አያሻም። ሐሞት ወደ አንጀት መውረድ ስላልቻለ ሰገራው ቀለሙን አጥቶ እንደ ነጭ ጭቃ ይሆናል። ቀለሙ በሽንት በኩል መውጫ ስለሚፈልግ ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ ይጠቁራል። ሰውነትን ያሳክካል፤ ማሳከኩም እንቅልፍ የሚነሣ፣ ቆዳ እስኪላጥ የሚያስፍቅ ነው። የጠበል ቦታ አገልጋዮች ከሕሙማን ጋር ውለው ስለሚያድሩ ከማንም ይልቅ ይህን የመስማት ዕድል አላቸው። «ዐይንህ ከመቼ ጀምሮ ቢጫ ሆነ?» ብሎ ከመጠየቅ ቀጥሎ «ሰገራህ ነጭ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቧንቧውን የሚዘጋው ነገርም እንደ ሕመምተኛው ይለያያል። በጎልማሳ ሴት ላይ፣ ከቀኝ ጎድን ሥር እየተነሣ ወደ ትከሻ የሚወጣ ቁርጠት ከነበረ፣ ብዙ ጊዜ ከሐሞት ከረጢት የወረደ ጠጠር ነው። በአገራችን ወስፋት ከአንጀት ወጥቶ ወደ ሐሞት ቧንቧ የሚገባበት ጊዜም አለ። ዕድሜው በገፋ፣ ሕመም ሳይሰማው ቀስ በቀስ እየቢጨና እየከሳ በሄደ ሰው ላይ ግን የሚያሠጋው የቆሽት ራስ ወይም የቧንቧው ነቀርሳ ነው። አለመታመሙ ቤተሰቡን ያዘናጋል፤ «አይቆረጥመውም፣ ቁርጠት የለውም» እየተባለ ወራት ያልፋሉ። በዓለም ዙሪያ የቆሽት ነቀርሳ ከያዛቸው አምስት ሰዎች መካከል ለቀዶ ሕክምና በሚመች ጊዜ የሚደርሰው አንዱ ገደማ ብቻ ነው። በጎቹ አገሮች እንዲህ ከሆነ፣ ከሩቅ ገጠር መጥቶ ሁለት ሱባዔ በጠበል የሰነበተው ሰው ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

አሁን የምንጽፈው ለአገልጋዮቻችን አጥብቀን የምንነግረው ነው። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የቆመ ሐሞት ሲመረዝ ሕመምተኛው ይተኩሳል፤ ከዚያም ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ይንቀጠቀጣል። ቢጫ ዐይን፣ ከቀኝ ጎድን ሥር ሕመም፣ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ በአንድነት ከታዩ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ መርዙ ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ያደክማል፣ አእምሮን ያስታል። በጠበል ቦታ የሚንቀጠቀጥና የሚቃዥ ሰው ሲታይ አባቶች ምን እንደሚያስቡ እናውቃለን። ክፉ መንፈስ ያደረበት የለም አንልም፤ መንቀጥቀጥ ሁሉ ግን ከአንድ ምንጭ አይደለም። ዐይኑ የቢጫ፣ ሰውነቱ የሚፋጅ ሰው ሲንቀጠቀጥ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር አቁሞ ከማስጮህ በፊት ግንባሩን መዳሰስ፣ ዐይኑን ገልጦ ማየት ይገባል። እንዲህ ያለውን ሰው ጸሎት አድርሰውለት፣ በመስቀል ባርከውት፣ በዚያው ሌሊት መኪና ቢፈልጉለት ከሃይማኖት የሚጎድል ነገር የለም።

ስለ መተኮስም አንድ ነገር እንጨምር። ሐሞት ወደ አንጀት ካልወረደ ቅባት አይፈጭም፤ ቅባት ካልተፈጨ ደምን የሚያረጋው ቫይታሚን ኬ ወደ ሰውነት አይገባም። ስለዚህ ቧንቧው የተዘጋበት ሰው ትንሽ ቢቆረጥ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል። ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በፊት ይህንኑ ቫይታሚን በመርፌ የሚሰጡት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መብጣት ወይም መተኮስ ሁለተኛ ቁስል መጨመር ነው። ቅጠሉም ቢሆን የዋህ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ገጠር ሰዎች ሆዳቸው በውኃ እየተነፋ የሚሞቱበት የጉበት በሽታ ታይቶ ነበር፤ በኋላ ሲመረመር ከእህል ጋር ተቀላቅሎ የሚገባ አረም ጉበትን የሚያደርቅ መርዝ እንዳለው ታወቀ። ያ መርዝ የገባው ከእንጀራ ጋር፣ በጥቂት በጥቂቱ ነበር። ጉበቱ አስቀድሞ የታመመ ሰው ስሙ ያልታወቀ ሥር በጽዋ ሲጨለጥ ጉዳቱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እንግዲህ ቀዶ ሐኪሙ ማን ነው? አንባቢዎቻችን የአብነት ትምህርት ቤት ልጆች ስለሆኑ በዚያው ብንናገር ይቀላል። ንባብ፣ ዜማና ቅኔ የተማረ ሁሉ መርጌታ ሊባል ይችላል፤ ድጓን አስመስክሮ ሊያስተምር የሚሻ ግን ቤተልሔም ይወርዳል፣ ዝማሬ መዋሥዕትን የሚሻ ዙር አባ ይገባል፣ አቋቋምን የሚሻ ጎንደር በአታ ይሄዳል። ከሐኪሞችም ዘንድ እንዲሁ ነው። ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ የወጣው ወጣት ቀዶ ሕክምናን ለመማር ተጨማሪ ዓመታት ይቀመጣል፤ ቀዶ ሐኪም ከሆነም በኋላ ጉበት፣ ቆሽትና የሐሞት ቧንቧን ለብቻ ለመማር እንደገና ደቀ መዝሙር ሆኖ ከመምህሩ እግር ሥር ይገባል። ጸጉሩ ሸብቶ ገና «ተማሪ» የሚባል ሐኪም ብታዩ አትደነቁ፤ የድጓ ተማሪም እንዲሁ ነው።

ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ? ቦታው አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። በጉበት ውስጥ በየደቂቃው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ደም ያልፋል፤ በስሕተት የተቆረጠ ሥር ሕመምተኛውን በጠረጴዛው ላይ ሊያስቀር ይችላል። ፈረንሳዊው ክሎድ ኩዊኖ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጉበትን የውስጥ ደም ሥሮች ተከትሎ ሲመረምር፣ ከውጭ አንድ የሚመስለው ጉበት እያንዳንዱ የራሱ መጋቢና መውጫ ባላቸው ስምንት ክፍሎች እንደተከፈለ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ የታመመውን ክፍል ለይቶ ሌላውን ሳይነካ ማውጣት ቻለ። ጉበትም ከሌሎቹ ብልቶች የተለየ ጸጋ አለው፤ ጤነኛ ከሆነ ከመቶ ሰባው እንኳ ቢወጣ የቀረው በሳምንታትና በወራት ውስጥ አድጎ ሥራውን ይሸፍናል። ፈጣሪ በዚህ ብልት ላይ ያኖረው ነገር ያስደንቀናል።

ቆሽት ግን እንዲህ አይደለም። ልስልስ ነው፣ የመርፌ ክር አይይዝም፣ ከተነካ የራሱን ጎረቤት የሚያሟሟ ፈሳሽ ያፈስሳል። ነቀርሳው በቆሽት ራስ ላይ ሲሆን ሐኪሙ የቆሽቱን ራስ፣ ከጎኑ ያለውን አንጀት፣ የሐሞት ከረጢቱንና የቧንቧውን ታች በአንድነት አውጥቶ፣ የቀሩትን ሦስት ጫፎች እንደገና ከአንጀት ጋር ይሰፋል። ሥራው ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ይወስዳል። በአሜሪካዊው አለን ዊፕል ስም የሚጠራው ይህ ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1935 በሰፊው ሲታወቅ፣ ከዚያም በኋላ ለአሥርተ ዓመታት፣ ከተሠራላቸው ብዙዎቹ ከሆስፒታል አይወጡም ነበር። ዛሬ አዘውትረው በሚሠሩት ማእከሎች ከመቶው የሚሞቱት ከአምስት በታች ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው አዲስ መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሠራ እጅና በየሳምንቱ የሚሠራ እጅ አንድ ስላልሆኑ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ «ቅርብ ነው» ብሎ ከመወሰኑ በፊት «ይህን ቀዶ ሕክምና እዚህ ስንት ጊዜ ትሠራላችሁ?» ብሎ ሐኪሙን ቢጠይቅ ድፍረት አይባልም። እውነተኛ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

የሐሞት ጠጠር ከዚህ ሁሉ ይቀልላል። እ.ኤ.አ. በ1882 በበርሊን ካርል ላንገንቡኽ የተባለ ቀዶ ሐኪም ለ16 ዓመት በቁርጠት የተሠቃየ ሰው የሐሞት ከረጢት ከነጠጠሩ ቆርጦ አወጣ። ያን ጊዜ ሌሎቹ ከረጢቱን ከፍተው ጠጠሩን ብቻ ይለቅሙ ነበር፤ እርሱ ግን ጠጠሩን የምታበቅለው ከረጢቷ ራሷ ናት ብሎ ነቀላት። ሰውየው ዳነ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ ይኸው ሥራ ሆድ ሳይከፈት በቀጫጭን ቀዳዳዎች፣ በካሜራ እየታየ ይሠራ ጀመር። ሰው ያለ ሐሞት ከረጢት ሙሉ ዕድሜውን ይኖራል፤ ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል። «ሐሞቴን አውጥተውት ሐሞተ ቢስ ልሆን ነው» ብለው የሚፈሩ አሉና ይህን መናገር አስፈለገን።

በአገራችን ዘመናዊ የሕክምና ትምህርት ረጅም ዕድሜ የለውም። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲው የተቋቋመው ደግሞ ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። ለዚህ ፋኩልቲ መቋቋም ከደከሙት አንዱ በኤዲንብራ ቀዶ ሕክምናን ተምረው የተመለሱት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ፤ ከእርሳቸው እጅ የተማሩት ሐኪሞች የዛሬዎቹን መምህራን አስተምረዋል። ዛሬ የሐሞት ከረጢትን ቀዶ ሕክምና በየክልሉ ባሉ ሆስፒታሎች ጠቅላላ ቀዶ ሐኪሞች ይሠሩታል። የጉበትና የቆሽት ከባድ ሥራ ግን እንደ ጥቁር አንበሳና እንደ ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ላይ ያርፋል። ከጠበል ቦታችን የሚነሣ ሕመምተኛ በቀጥታ አዲስ አበባ መሄድ አለበት ማለታችን አይደለም። መጀመሪያው ደረጃ አልትራሳውንድ ነው፤ እርሱ በቅርብ ከተማ ይገኛል፣ አያምም፣ ቧንቧው መስፋቱንና በከረጢቱ ጠጠር መኖሩን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል። አንዳንዱ ጠጠር ደግሞ ሆድ ሳይቀደድ፣ በአፍ በሚገባ ቀጭን መመልከቻ ከቧንቧው ይወጣል፤ ይህን የሚሠሩት ግን በአገራችን ጥቂት ናቸው።

ጉበቱ ጨርሶ ለደረቀ ሰው ያለው የመጨረሻ መንገድ ከሌላ ሰው ጉበት መውሰድ ነው። ቶማስ ስታርዝል እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የመጀመሪያውን ሲሞክር ሕመምተኛው አልዳነም፤ በሕይወት የሰነበተ ሰው የተገኘው በ1967 ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። የጉበት ግን ከዚያ የሚከብድ ስለሆነ አቅም ያለው ቤተሰብ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሌላ አገር ይመለከታል። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ለእኛ ቅርብ በሆነችው በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በሪያድና በጅዳ ቅርንጫፎች ባሉት የንጉሥ ፋይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል ሕያው ሰው ከጉበቱ ከፍሎ ለዘመዱ የሚሰጥበት ቀዶ ሕክምና ይሠራል። በዚያች በጅዳ ከተማ የሰው ቤት እየጠረጉ፣ የሰው ልጅ እያሳደጉ የሚኖሩ እህቶቻችን አሉ። ከእነርሱ ስንቶቹ ለአባታቸው ወይም ለወንድማቸው መታከሚያ ከደመወዛቸው ቆርጠው እንደሚልኩ በየቤታችን የምናውቀው ነው። ስለዚህ እንለምናለን፤ ያ ገንዘብ ሲደርስ መጀመሪያ ለምርመራ ይዋል፣ መተኮሱና ቅጠሉ አይብላው።

«ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ማነስ ነው» የሚል ቃል አሁንም በጠበል ቦታ ይሰማል። ከመጻሕፍታችን የተገኘ ቃል አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል፤ በዚያው ምዕራፍ ሕመምተኛው አስቀድሞ እንዲጸልይ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል። ጸሎትና ሐኪም በአንድ ምዕራፍ ተቀምጠዋል። ስለ ሐሞትና ስለ ጉበት ከተነሣ ደግሞ መጽሐፈ ጦቢትን ማንሣት ግድ ነው። ቅዱስ ሩፋኤል ወጣቱን ጦብያን ከጤግሮስ ወንዝ የያዘውን ዓሣ እንዲከፍት፣ ልቡን፣ ጉበቱንና ሐሞቱን ለይቶ እንዲያኖር አዘዘው፤ በሐሞቱም የአባቱ ዐይን በራ። መልአኩ በቃል ብቻ ሊፈውስ ሲችል ቢላ አስያዘው። በጳጉሜን 3 በዝናቡ የምንጠመቅ ሁላችን የምናከብረው ይህንኑ መልአክ ነው።

በቅርቡ ዘመንም ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ነገር ላይ ቃሏን ሰጥታለች። ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ምእመናን በእንጦጦና በሌሎችም የጠበል ቦታዎች መድኃኒታቸውን ያቋርጡ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ ተናግረዋል። ለክኒን የተባለው ለምላጭ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም።

ስለ ጾም የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ፣ መነኮሳትና ካህናት እስከ 250 ቀን ይጾማሉ። ጾም የሐሞት ጠጠር ያመጣል ብለን ልንወነጅል አንነሣም፤ ሴትነት፣ ዕድሜ፣ ውፍረት፣ የዘር ውርስም አለበትና። የታወቀው ነገር፣ ሆድ ለረጅም ሰዓት ባዶ ሲሆን ሐሞት በከረጢቱ ውስጥ ቆሞ እንደሚወፍር፣ ከዚያም ቅባት የበዛበት ምግብ ድንገት ሲመጣ ከረጢቱ አጥብቆ እንደሚጨመቅ ነው። ጠጠር ያለበት ሰው በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጡን በልቶ በማግስቱ ከቀኝ ጎድኑ ሥር ተጠቅልሎ የሚያድረው ለዚህ ነው። እርሱ «መፈሰኪያው አልተስማማኝም» ይላል፤ ሐኪሙ ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ጠጠር እንዳለበት የታወቀ ሰው በጥቂቱ ቢፈስክ ይጠቀማል። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ወይም ከእርሱ ያገገመ ሰው ደግሞ ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ሥርዓታችን ለሕመምተኛ ስፍራ አለው፣ ያለ ፈቃድ ራስን ማስጨነቅም ትሩፋት አይባልም።

አንድ ሌላ ጉዳይ ደግሞ በቀጥታ በበዓለ ንግሥ ቀን እኛን ይመለከታል። በጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ዕጢ የሚያበቅል ትል አለ፤ እንደ ሎሚ ጀምሮ እንደ ሕፃን ራስ እስኪያህል ዓመታት ሙሉ ሳያሳምም ያድጋል። ብዙዎች ጥሬ ጉበት በመብላት የሚመጣ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። ትሉ የሚኖረው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው። ውሻው ትሉን የሚያገኘው የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ከታረደ በግ ወይም ከብት ሲጣልለት ነው፤ ሰው የሚይዘው ደግሞ ከውሻው ዓይነ ምድር የሚወጣው ዕንቁላል በእጅ፣ በውኃ ወይም በጎመን ላይ ወደ አፉ ሲገባ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ይህን ዕጢ ሲያወጣ በጨው ውኃ የተነከረ ጨርቅ ዙሪያውን ይጎዘጉዛል፤ ፈሳሹ በሆድ ውስጥ ቢረጭ ሰውነት በድንገት ተቆጥቶ ሕመምተኛው ሊሞት፣ ወይም ዕጢው በሌላ ቦታ ሊዘራ ይችላልና። በተሳላሚው ሰፈር፣ ከቅጽራችን ውጭ፣ ለዝክር የሚታረደው ብዙ ነው፤ ውሾቹም ብዙ ናቸው። አራጆች የቋጠረ ጉበት ሲያጋጥማቸው «ለውሻ» ብለው የሚወረውሩት ልማድ ይቅር። ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። አንድ ጉድጓድ ስንት ሆድ ከመቀደድ እንደሚያድን ማስላት አይቻልም።

በጣና ደሴቶችና በዘጌ ላሉ ገዳማት ተሳላሚዎች የብልሃርዝያ ነገርም እንዲሁ የጉበት ነገር ነው። በባሕሩ ዳር ከሚኖር ቀንድ አውጣ የሚወጣው ይህ ተባይ በቆዳ በኩል ገብቶ፣ በዓመታት ውስጥ የጉበትን ደም ሥር ያጠብባል፤ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውየው አንድ ቀን በድንገት ደም ያስመልሳል። ኢትዮጵያዊው ሊቅ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየና፣ ለዘመናት ነጠላችንን ያነጣው ፍሬ ይህን ተባይ ሊዋጋ እንደሚችል ለዓለም አሳወቀ። በባሕሩ ዳር የሚጠመቅና የሚዋኝ ተሳላሚ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሰገራውን ያስመርምር፤ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጉበቱ ከጠጠረ በኋላ ግን ጉዳቱን ሙሉ በሙሉ መመለስ አይቻልም።

በመጨረሻ፣ ታክመው ለምስጋና ወደ ገዳሙ ለሚመለሱ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከጎናቸው የሐሞት ማፍሰሻ ቱቦ እንደተሰካ የሚመጡ አሉ፤ እነዚህ ከፏፏቴው ሥር አይቁሙ፣ ጠበሉን ይጠጡ፣ ቁስሉ ካልሆነ በቀር ሰውነታቸውን ይቀቡ። ቱቦው ቢነቀል መልሰው ሊከቱት አይሞክሩ። ቆሽታቸው የተቀነሰባቸው ሰዎች ከምግብ ጋር የሚወስዱት መድኃኒት አላቸው፤ ስኳር በሽታም ሊይዛቸው ስለሚችል፣ በሱባዔ ላይ ቢሆኑም አገልጋዩ ይህን እንዲያውቅ ያድርጉ። ሆዱ በሰፊው የተከፈተ ሰው ለስድስት ሳምንት ያህል ስግደት አይስገድ፣ ውኃም አይቅዳ፣ ድንጋይም አይሸከም፤ ስፌቱ ከውስጥ ሲላላ የሚመጣው እብጠት ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል። በካሜራ የተሠራለት ቶሎ ይበረታል፣ ቀኑን ግን ሐኪሙ ይንገረው። በስግደቱ ፈንታ ምን እንደሚያደርግ የንስሐ አባቱ ይወስኑለት። የሆስፒታል ወረቀታችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ ጠበል ቦታው ስትደርሱ ለአገልጋዩ አሳዩት፣ በማደሪያችሁም ራስጌ አኑሩት።